ጉድ የሠራኝ ዲ3፦ ስምንት ወር ከኖድኤምሲዩ ቦርድ ጋር

ኢኤስፒ8266 የሚባል ዋይፋይ ያለው ቺፕ የተገጠመበትን ኖድኤምሲዩ ቦርድ (ፕሮግራም ተጭኖበት ሌላ ዕቃ የሚያዝ ትንሽ ሰሌዳ) ስገዛ ሻጩ «አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለውን ቦርድ ከነካካህ ይሄ አይከብድህም፣ ያው ነው» አለኝ። ወንድሜ፣ ያው አይደለም! ኡኖ ላይ 5 የተባለው ፒን (ሽቦ የሚሰካበት እግር) ኮዱም ላይ 5 ነው። እዚህ ግን ኤልኢዲ ዲ5 ላይ ሰክቼ፣ ኮዱ ላይ 5 ብዬ፣ የማይበራ አምፖል ላይ አፍጥጬ አመሸሁ። ለካ 5 ማለት ዲ1 ነው፤ ዲ5 ደግሞ 14። ዲ የሚለው የቦርዱ መጠሪያ ነው፣ ባዶ ቁጥር ስትጽፉ ግን የሚወሰደው ጂፒአይኦ የሚባለው፣ የቺፑ የራሱ የፒን ቁጥር ነው። ኮዱ ላይ ዲ5 ብሎ መጻፍም ይቻላል፣ ያውም ኮድ የምትጽፉበት ፕሮግራም ላይ ካለው የቦርዶች ዝርዝር ኖድኤምሲዩን ከመረጣችሁ። ጄኔሪክ የሚለውን ከመረጣችሁ ዲ5ን አላውቀውም ይላል።

እሱስ ይሁን። ያቃጠለኝ ዲ3 ነው።

ቦርዱን የቤታችንን የውሃ ፓምፕ እንዲያስነሳ አድርጌ ገጠምኩት። ታንከሩ ሲጎድል ፍሎት ስዊቹ (ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ማብሪያ) ዲ3ን ከግራውንድ፣ ማለትም ከዜሮ ቮልት ጋር ያገናኛል፣ ቦርዱ ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) ያበራል፣ ፓምፑ ይነሳል። ሁለት ወር ያለ እንከን ሠራ። አንድ ቀን መብራት ከጠዋት ጠፍቶ ማታ መጣ። ታንከሩ ባዶ፣ ፓምፑ ዝም። ቦርዱን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ስሞክረው ደህና ነው፤ መልሼ ስገጥመው ዝም። አዳፕተር ቀየርኩ፣ ሪሌ ቀየርኩ። ታንከሩ ሙሉ እያለ መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ምንም አይለውም፤ ይሄ ነው ያሳበደኝ።

ዲ3 ማለት ጂፒአይኦ 0 ነው። ቺፑ ሲነሳ 0ን ያያል፤ ግራውንድ ላይ ካገኘው ፕሮግራሙን ትቶ አዲስ እስኪጫንበት ይጠብቃል። ቦርዱ ላይ ያለችው ፍላሽ የምትባለው ቁልፍም የምትነካው ይህንኑ ፒን ነው። የኔ ፍሎት ስዊች ታዲያ ቁልፏን ተጭኖ የያዘ ጣት ነበር፣ ያውም ውሃ በሚያስፈልገን ሰዓት ብቻ! ዲ2 እና ዲ4 መሀል ተሰልፎ የቆመን ዲ3 ማን ይጠረጥራል? 0 ብለው ቢያትሙበት ምን ነበረበት? ዲ4 እና ዲ8ም የዋዛ አይደሉም፦ ቺፑ ሲነሳ የመጀመሪያው ቮልቴጁ ከፍ፣ የሁለተኛው ዝቅ ማለት አለበት።

«የፒኖቹን ሥዕል አታይም ነበር?» ይለኛል ሻጩ በሐሳቤ። አይቻለሁ እኮ! ዲ3 አጠገብ «ፍላሽ» ይላል። ያንን ማስጠንቀቂያ ብሎ የሚያነብ ማን ነው?

ሽቦውን ወደ ዲ5 አዛወርኩ፣ ኮዱ ላይ አንድ መስመር ቀየርኩ፣ አለቀ። ዋይፋዩ? አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ጎኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ከዲ0 ጀምሮ ጻፍኩበት፦ 16፣ 5፣ 4፣ 0፣ 2፣ 14፣ 12፣ 13፣ 15። 0ን በቀይ።

ባልዲ ይዤ ጎረቤት በሄድኩበት ማታ ብትጠይቁኝ ገንዘቤን አቃጠልኩ እል ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሁለተኛ ገዛሁ፣ ከዚያው ሻጭ። «ከበፊቱ ጋር ያው ነው አይደል?» አልኩት።

«ያው ነው» አለኝ። ፕላስተሩን ኪሴ ይዤ ነበር የሄድኩት።