አንድ አልበም፣ ሁለት ዝግጅት፦ ስለ አንድ የማስተሪንግ ስቱዲዮ አገልግሎት

የአልበማችንን የመጨረሻ የድምፅ ዝግጅት፣ ማለትም ማስተሪንጉን፣ ለሲዲም ለሸክላም እንዲሠራልን ለአንድ ስቱዲዮ ሰጥተን ነበር። የሲዲው ሥራ እንከን የለውም፤ በሲዲ መደበኛ ልክ፣ በ44.1 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት የተዘጋጀው ቅጂ ጥርት ያለ ሲሆን በዘፈኖቹ መካከል ያለው ፋታም በጥንቃቄ የተለካ ነው።

ቅሬታዬ በሸክላው ላይ ነው። ለማተሚያው የተላከው ያው ለሲዲ እስከ ጣሪያ ድረስ እንዲጮኽ የተጨመቀው ድምፅ ነበር። ሸክላ ግን ሙዚቃውን የሚሸከመው በቁጥር ሳይሆን መርፌ በሚጓዝበት ጠመዝማዛ ቦይ በመሆኑ፣ በግራና በቀኝ ተለያይቶ የተቀመጠ ከባድ የቤዝ ድምፅ መርፌውን ከመስመሩ ሊያዘልለው ይችላል፤ ዝቅተኛው ድምፅ ወደ መሀል የሚሰበሰበውም ለዚህ ነው። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞር ባለ 12 ኢንች ሸክላ አንዱ ገጹ ከ20 ደቂቃ ብዙ ሲያልፍ ቦዮቹ መጠጋጋት ስላለባቸው የድምፁ መጠን መቀነሱ ግድ ነው። እኛ 26 ደቂቃ ስንጭንበት ግን ያስጠነቀቀን ሰው አልነበረም።

የሙከራው ሸክላ ደርሶን ስናዳምጠው፣ ወደ ሸክላው መሀል ተጠግቶ በተቀረጸው የመጨረሻ ዘፈን ላይ ዘፋኟ «ሰ» ወይም «ሸ» ባለች ቁጥር ድምፁ እንደሚቀደድ ጨርቅ ይሻክር ነበር። ለነገሩ ስቱዲዮው አልተከራከረንም፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የ«ሰ» እና የ«ሸ»ን ፉጨት አለዝቦ፣ ቤዙን ሰብስቦ፣ አንዱን ዘፈን ወደ ሌላው ገጽ አዛውሮ፣ ረጋ ያለውን ደግሞ መጨረሻ ላይ አስቀምጦ እንደገና ሠራው። የሁለተኛው ሙከራ ድምፅ ከሲዲው ዝቅ ያለ ቢሆንም ከበሮው የሚተነፍስበት ቦታ አግኝቷል።