ፍሪዘር ውስጥ ያለውን «የጾም ሥጋ» የገዛችሁ፣ ከመብላታችሁ በፊት ወረቀቱን ላጡት

ባህር ዳር ያላችሁ ጾመኞች፣ ይህን የምጽፈው ከትናንት ጀምሮ እህል በአፌ ሳይዞር ነው። በየሱፐርማርኬቱ ፍሪዘር «የጾም ሥጋ»፣ «የጾም በርገር» እየተባለ የሚሸጠውን ከውጭ የመጣ የታሸገ ምግብ የገዛችሁ ካላችሁ ሳታዩት አትብሉ። እኔ የገዛሁት እንቁላል አለበት። እናቴን በሁዳዴ እንቁላል አበላኋት።

እናቴ ሰባ አልፏታል። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ አትቀምስም። ጎረቤቶቻችን የጣና ዓሣ እያመጡ «ይፈቀዳል» ቢሏትም እሷ ዓሣም ሥጋ ነው ባይ ናት። ጥር ላይ ታማ ነበር፤ ጾሙ ከገባ ደግሞ ሽሮውም ምስሩም አልዋጥ ብሏት ሰውነቷ እልቅ አለ። ጉልበት የሚሰጣት ነገር ፍለጋ ነው የወጣሁት።

ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ወደ ሐይቁ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያሉት፣ ሁዳዴ ሲገባ መስታወታቸው ላይ «የጾም ኬክ ገብቷል፣ የጾም አይብ ገብቷል» ብለው የሚለጥፉት ናቸው። ፍሪዘሩ ጋ የቆመውን ልጅ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት። ወተት የለበትም? እንቁላል የለበትም? «እትዬ፣ አኩሪ አተር ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ እየወሰደው ነው» አለኝ። ፓኮው ፊት ላይ በትልቁ «ቬጀቴሪያን» ይላል። የጾም ማለት መሰለኝ። አንዱን በ890 ብር ሁለት አነሳሁ፤ 1780 ብር ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ አንዱን ፓኮ ፈትቼ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ እንደ ጥብስ ሠራሁት። ሽታው ቤቱን ሞላው። እናቴ ገና ስትቀርብ «ይሄማ ሥጋ ሥጋ ይሸታል» አለች። «አኩሪ አተር ነው እማዬ፣ ጠይቄያለሁ» አልኳት። አማተበች፤ ቆርሳ አንድ ጎረሰች፣ ሁለተኛ ጎረሰች። «ይጣፍጣል፣ እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ከልቤ ደስ አለኝ።

በዚህ መሃል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ባዶውን ፓኮ ሊጥል አነሳው። ጀርባው ላይ «የጾም ሥጋ» የሚል በአማርኛ የታተመ ነጭ ወረቀት ከነዋጋው ተለጥፎበት ነበር። በረዶው ሲቀልጥ አርሶት ጫፉ ተነስቷል። ልጅ አይደል፣ ላጠው። ከዚያ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። «ሶያ ፕሮቲን... ኤግ ዋይት ፓውደር። እማዬ፣ ኤግ እንቁላል አይደለም እንዴ?»

እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ እንቁላል የሚለውን ግን ሰማች። ሦስተኛው ጉርሻ እጇ ላይ ነበር። ትሪው ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ተነስታ ጓሮ ወጣች፤ አፏን ስትጉመጠመጥ፣ ደግማ ስትጉመጠመጥ እሰማታለሁ። ስትመለስ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ሳታውቂ ነው ልጄ» ብላ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ መኝታዋ ገባች።

ፓኮውን ተቀብዬ አየሁት። ጀርባው እኮ ግማሹ ባዶ ነው፤ ሊለጥፍ የፈለገ ሰው ሞልቶ የተረፈ ቦታ አለው። ወረቀቱ የተለጠፈው ግን ልክ የተሠራበት ነገር ከተዘረዘረበት ላይ ነው። «ኤግ» እና «ሚልክ» የሚሉት ቃላት ሰው ልብ እንዲላቸው በወፍራም ፊደል ተጽፈዋል፤ ወረቀቱ የሸፈነው እነሱን ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ሁለተኛውን አወጣሁ። እዚያም ያው ቦታ ላይ ተለጥፏል። ይህ ስህተት አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ባለቤቱ ሒሳብ መቀበያው ጋ ተቀምጦ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ሥጋ አለበት?» አለኝ። የለበትም አልኩት። «ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልጊው?» ወረቀቱን ከፍቼ ሳሳየው በዕድሜ ልጁ የማልሆነውን ሴትዮ አንቺ እያለ፣ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ እየሰማ፣ «እንግሊዝኛ ካላነበብሽ የውጭ ዕቃ ለምን ትገዣለሽ?» አለኝ። ትናንት ሦስት ጊዜ ያረጋገጠልኝ ልጅ ፊቱን አዙሮ የውኃ ጠርሙስ መደርደር ጀመረ። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ላይ ተጽፏል ብዬ ብነግረው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በጣቱ አሳየኝና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

የሚያንገበግበኝ ማንበብ የምችል ሰው መሆኔ ነው። መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ ሪፖርት እጽፋለሁ። ቅዳሜ ገበያ አንድ ኪሎ ሽምብራ ስገዛ በጥርሴ ሰብሬ፣ ነቀዝ እንዳለው በእጄ ዘግኜ አይቼ ነው። ለእናቴ ጾም የሚሆነውን ግን አገላብጬ እንኳ ሳላይ ከፈልኩ። አኩሪ አተሩ ራሱ ከፓዊና ከጃዊ አካባቢ እየመጣ እዚሁ ይሸጣል፤ ቆልቼ አስፈጭቼ ብሠራላት ምን ነበረበት?

ለማታውቁ፣ እኔም ዛሬ ነው በደንብ የገባኝ፦ «ቬጀቴሪያን» ሥጋ የለውም ማለት ብቻ ነው፤ እንቁላልና ወተት ሊኖረው ይችላል። አኩሪ አተሩ ወይም የስንዴው ፕሮቲን ሲጠበስ እንዳይፈረፈር የእንቁላል ነጩን እንደ ማያያዣ ይጨምሩበታል። ለጾም የሚሆነው «ቪጋን»፣ ማለትም ከእንስሳ የተገኘ ምንም ነገር የሌለበት፣ የሚለው ነው፤ እሱንም ቢሆን ዝርዝሩን እዩ። ኤግ ወይም አልቡሚን (የእንቁላል)፣ ሚልክ፣ ዌይ ወይም ኬዚን (የወተት) ካለበት ተዉት። የአማርኛ ወረቀት ከተለጠፈበት ሳትከፍሉ እዚያው አስልጡት፤ አንልጥም ካሏችሁ ውጡ።

እናቴ ዛሬ ማልዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄዳ የንስሐ አባቷን አናግራ መጥታለች። ምን እንዳሏት አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ሁለተኛው ፓኮ ከነወረቀቱ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ሰኞ ጠዋት ሳልልጠው ለንግድ ቢሮ ይዤው እሄዳለሁ። እናንተም የገዛችሁት ካለ እንዳትጥሉት፤ ፎቶ አንሱትና አብረን እንሂድ።