ኒንጃ 400 ለጀማሪ፦ ከወራት ንዳት በኋላ የሚታየው

ካዋሳኪ ኒንጃ 400 ሞተር ሳይክል ለጀማሪ የሚመከረው በጉልበቱ ሳይሆን በፍሪሲዮኑ (በክላቹ) እና በክብደቱ ነው። 399 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ 45 ገደማ የፈረስ ጉልበት የሚለው ለማስታወቂያ ጥሩ ነው። አዲስ ነጂ ሞተር ሳይክል የሚጥለው ግን በአውራ ጎዳና ላይ ሳይሆን በመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ ሲሄድ ነው። ኒንጃው የሚያግዘው እዚያ ላይ ነው።

ፍሪሲዮኑ ሞተሩ ሲጎትት ዲስኮቹን ራሱ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ስፕሪንጎቹ ጠንካራ መሆን አላስፈለጋቸውም፤ ማንሻው በሁለት ጣት ይሳባል፣ ከተማ ውስጥ ሰዓት ሙሉ ቢነዱም እጅ አይዝልም። ማርሽ በድንገት ሲወርድ ደግሞ በመጠኑ ይንሸራተታል፤ የኋላው ጎማ ተቆልፎ አይዘልም። ይህ ጀማሪን ከብዙ ነገር ያድናል፣ ግን ያሰንፋልም፦ ማርሽ ሲወርድ ጋዝ መንካትን ሳይለምዱ የሚቀሩ ብዙ ናቸው፤ ይህ መከላከያ የሌለው ሌላ ሞተር ሳይክል ላይ ሲወጡ ይታወቃቸዋል። የማንሻው ልቅነት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ካቦው በአገልግሎት ስለሚረዝም ልቅነቱ ይበዛል፤ ያኔ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበትን ቦታ) ማግኘት ሥቃይ ይሆናል። ብዙ ሰው «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ተበላሸ» የሚለው ይህንን ነው። በተቃራኒው ልቅነቱ ጨርሶ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ዘወትር በትንሹ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላልም።

ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ) ያለው ሙሉ ነዳጅ ይዞ 168 ኪሎ ነው፤ ከእሱ በፊት ከነበረው 300 ሲሲ ኒንጃ ይቀላል። መቀመጫው ከመሬት 785 ሚሊ ሜትር ሲሆን ፊቱ ጠባብ ስለሆነ እግር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። መሪው የእሽቅድምድም ሞተር ሳይክል ያህል ዝቅ አይልም፤ ወገብና የእጅ አንጓ ይህን ያመሰግናሉ። የኋላ ተሳፋሪ መቀመጫ ግን ለአጭር መንገድ ብቻ ነው።

ሞተሩ ከታች ለዘብተኛ ነው፣ ጋዝ በስህተት ቢሰጥ አይደነብርም። መካከል ላይ ያለው ጉልበት ከያማሃ አር3 ይሻላል፤ አር3 321 ሲሲ ብቻ ነውና። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አውራ ጎዳናዎች ላይ ከመኪናው ጋር እኩል ለመሄድ አይቸገርም። ለመቅደም ግን በስድስተኛ ማርሽ ጋዝ መክፈት አይበቃም፤ አስቀድሞ አንድ ወይም ሁለት ማርሽ መውረድ ነው።

ድክመቱ አሞርዛተሩ፣ ማለትም የመንገዱን ንጠት የሚያበርደው ክፍል ነው። ፋብሪካው ዋጋውን ዝቅ ያደረገው እዚህ ላይ ቆጥቦ ነው ማለት ይቻላል። የፊቱ 41 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሚስተካከል ነገር የለውም፤ የኋላው የስፕሪንግ ውጥረት ብቻ ይስተካከላል። ቀለል ላለ ሰው ይመቻል። ከ85 ኪሎ በላይ ለሆነ ነጂ ግን ፍሬን ሲያዝ ፊቱ በኃይል ይሰምጣል፣ በተጎዳ አስፋልት መታጠፊያ ላይም ይናጣል። መድኃኒቱ በነጂው ክብደት የተመረጠ ጠንከር ያለ የፊት ስፕሪንግና አዲስ የአሞርዛተር ዘይት ነው። አብዛኛው ሰው ግን መጀመሪያ የሚገዛው ጩኸታም ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ነው። ማርሚታ ብቻውን ጉልበት የሚጨምረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጎረቤት ያስቀይማል እንጂ መታጠፊያ ላይ አይረዳም።

ፍሬኑ ከፊት አንድ ባለ 310 ሚሊ ሜትር ዲስክ ብቻ ነው፣ ለዚህ ክብደት ይበቃል። በ2018 አሜሪካ ገበያ ሲገባ ኤቢኤስ የሌለው 4,999 ዶላር፣ ያለው 5,299 ዶላር ነበር። ለጀማሪ ኤቢኤስ የሌለውን በርካሽ አግኝቶ መግዛት ቁጠባ አይደለም። እርጥብ መንገድ ላይ የፊት ጎማ ከተቆለፈ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ከዚያ በኋላ የሚሰበረው ፕላስቲክ ብቻውን ከ300 ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

የጎማ ነፋስ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ከፊት 28፣ ከኋላ 32 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። ጥቂት ሲጎድል መሪው ይከብዳል፣ ሞተር ሳይክሉ ለመታጠፍ የሚያንገራግር ይመስላል፤ ሌላ ነገር ከመጠርጠር በፊት ይህን መለካት ነው።

ካቴናው (ሰንሰለቱ) ትኩረት ይፈልጋል። በየ600 ኪሎ ሜትሩና ከዝናብ በኋላ ሁልጊዜ ይቀባል፤ ከመቀባቱ በፊት በላምባና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። ቤንዚን በካቴናው መገጣጠሚያዎች ውስጥ ቅባት የሚይዙትን ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች ስለሚበላ አይነካም። ውጥረቱ የሚለካው ጎማውን እያዞሩ በጠበቀው ቦታ ላይ ነው፤ በላላው ቦታ ከተስተካከለ ሌላው ከልክ በላይ ይጠብቅና ኩሽኔታ ይጨርሳል።

ዘይቱ 10ደብሊው-40 ሆኖ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ምልክት ያለው ይሁን። ፍሪሲዮኑ በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ሰበቃ የሚቀንስ ኬሚካል ያለው የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል። መመሪያው ዘይትና ፊልትሮ በየ12,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በዓመት ይላል፤ አጭር አጭር መንገድ ለሚነዳ ግማሹ ላይ መቀየር ይሻላል። የፍሬን ዘይቱ ዶት 4 ነው፣ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ነዳጁ በአሜሪካ ተራው ባለ 87 ኦክቴን ነው፤ ውዱን መሙላት ምንም አይጨምርም። በብርዱ ወራት ከቆመ ባትሪው ከቀስ ብሎ መሙያ ጋር ይገናኝ፣ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) እስከ አፉ ይሞላና የነዳጅ መጠበቂያ ፈሳሽ ይጨመርበት።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው የቫልቭ ክፍተት ምርመራ በ24,000 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በ15,000 ማይል ገደማ እንደሚደርስ ይወቅ። ሥራው ሽፋን ማውለቅና ሰልባትዮ ማንሳት ስላለበት የሰዓት ክፍያው ይበዛል፤ ብዙዎች የሚሸጡትም ይህ ሲቃረብ ነው። የተሠራበትን ደረሰኝ ይጠይቁ፣ ከሌለ ከዋጋው ያስቀንሱ። ከዚያ የመሪውን ጫፎች፣ የፍሪሲዮንና የፍሬን ማንሻ ጫፎችን፣ የእግር ማሳረፊያዎቹን ጠርዝ ይዩ። በዝግታ የወደቀ እነዚህ ላይ ብቻ ይፋቃል፣ ችግር የለውም። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ አዙረው መሪውን የሚያቆመው ጉጥ ተጎድቶ ወይም ቀለሙ ተሰንጥቆ ካዩ ግን በኃይል የተጋጨ ነው፤ ፕላስቲኩ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን ትተው ይሂዱ።