የቅዳሴ ሻንጣ ለደጅ ቅዳሴ ምን ያህል ይበቃል?

ጽዋ፣ ጻሕል፣ የኅብስት ሣጥን፣ የወይንና የውኃ ብልቃጦች፣ መስቀል፣ ሁለት መቅረዞችና ስቶላ (የካቶሊክ ካህን አንገቱ ላይ የሚያደርገው ረጅም የሥርዓት ጨርቅ) በአንድ ሻንጣ ተሰድረው ይሸጣሉ። መጠናቸው ለበሽተኛ ክፍል የሚበቃ ነው። ሻጮቹ ግን ለሜዳም «የተሟላ» ይሉታል። ነፋስ ባለበት ቦታ የተሟላ አይደለም።

መለኪያው ግልጽ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የላቲን ሥርዓት ቀኖና ሕግ ቁጥር 932 ቅዳሴ በተቀደሰ ቦታ እንዲከበር ያዛል። አስገዳጅ ምክንያት ሲኖር ሌላ ቦታ ይፈቅዳል፣ ቦታው ግን የሚመጥን መሆን አለበት። ያኔ ተስማሚ ጠረጴዛ ይበቃል፣ የመሠዊያ ልብስና ኮርፖራል (ከጽዋውና ከጻሕሉ ሥር የሚነጠፍ ካሬ ጨርቅ) ግን ምንጊዜም አይቀሩም። የሮማ መጽሐፈ ቅዳሴ አጠቃላይ መመሪያ ቁጥር 297 መስቀልና ሻማም ይጨምርበታል።

ሻንጣው በጣም የሚያንሰው ኮርፖራሉ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጽዋና ጻሕል ብቻ የምትይዝ ስስ ጨርቅ ናት፤ ለምእመናን የሚቀደሰው ኅብስት ዕቃ ሲጨመር ከጨርቁ ይወጣል። ኮርፖራል የሚነጠፈው የኅብስቱ ፍርፋሪ እንዳይጠፋ ነው፣ ስለዚህ ነፋስ ጠርዙን ባነሣው ቁጥር ሥራው ይፈርሳል። ወፍራም የተልባ እግር ጨርቅ፣ ጎኑ ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ለብቻው ይገዛ። ቆንጥጦ የሚይዘው መያዣ የመሠዊያው ልብስ ላይ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይግባ እንጂ ኮርፖራሉን አይንካ። ከቅዳሴ በኋላ ጨርቁ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ማራገፍ ፈጽሞ አይገባም።

ጽዋው ራሱ መጥፎ አይደለም፣ ውስጡ በወርቅ የተለበጠ ከሆነ። ብርጭቆና የሸክላ ጽዋ ግን በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የቫቲካን የቅዳሴ ሥርዓት መመሪያ፣ ሬደምፕሲዮኒስ ሳክራሜንቱም፣ በቁጥር 117 የከለከላቸው ናቸው፤ «ለሜዳ ይቀላል» የሚባለው የፕላስቲክ ዕቃማ መነሣትም የለበትም። የሻንጣው ጽዋ ችግር እግሩ ጠባብ መሆኑና ለመፍታትና ለመግጠም ሲባል ብሎን መኖሩ ነው። በጉዞ መንቀጥቀጥ ብሎኑ ይላላል፣ ስለዚህ ዕቃ ሲዘጋጅ ይጥበቅ። ጠንካራ የጽዋ መክደኛ ከሌለ አቧራና ዝንብ ወይኑ ውስጥ ይገባሉ። ጻሕሉም ዝርግ ሳይሆን ጎድጓዳ ይሁን፤ ቀላል ኅብስት ከዝርግ ላይ ይበራል።

ብልቃጦቹን ሲመርጡ በቡሽ የሚዘጉትን ትተው ባለ ብሎን ክዳን ይውሰዱ፤ የፈሰሰ ወይን መላውን ሻንጣ ያበላሻል። ሻማዎቹ ያለ መስታወት መከለያ ወንጌል ሳይነበብ ይጠፋሉ። ቀላል መስቀልም ይወድቃል፤ እግሩ ከበድ ያለ ይፈለጋል።

ሻንጣው ውስጥ ያለው ልብስ ስቶላ ብቻ ነው። እሱን በተራ ልብስ ላይ ደርቦ መቀደስን የሬደምፕሲዮኒስ ሳክራሜንቱም ቁጥር 126 ያወግዘዋል፣ ሙቀት ሰበብ አይሆንም። በ2022 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ክሮቶኔ፣ ባሕር ውስጥ በአየር ፍራሽ ላይ ቅዳሴ ሲቀደስ ሀገረ ስብከቱ ለሥርዓቱ የሚገባውን ክብር ያስታወሰው በከንቱ አልነበረም። አልባ (ረጅሙ ነጭ ቀሚስ) እና ካዙላ (ከላይ የሚደረበው የቅዳሴ ልብስ) ለብቻ ይያዙ።

ሻንጣው ውስጥ የማይገኝ ግን ሣር ላይ የሚያስፈልግ ሌላው ዕቃ ምእመናን ሲቆርቡ ፍርፋሪ እንዳይወድቅ ከሥር የሚያዘው የቁርባን ሳህን ነው፤ ሬደምፕሲዮኒስ ሳክራሜንቱም በቁጥር 93 እንዲቀር አይፈልግም። ወለል ላይ የወደቀ ኅብስት ይታያል፣ ሣር ውስጥ የገባ ፍርፋሪ ግን ለማግኘት ይከብዳል። ቅዱስ ደሙ ቢፈስ ቦታው በውኃ ይታጠባል፤ ያም ውኃ ወደ ሳክራሪየም (ውኃው በቀጥታ ወደ መሬት የሚወርድበት የቤተ ክርስቲያን ገንዳ) ይፈስሳል። ለዚህ የሚሆን ውኃና ንጹሕ ጨርቅ ከሻንጣው ጋር ይጓዝ።

የሽርሽር ጠረጴዛ ከ70 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ካህኑ እንዳይጎነበስ እግሩ የሚረዝም ይምረጡ። ለአነስተኛ ጉባኤ፣ ከላይ የተጠቀሱት ተጨምረውበት፣ ሻንጣው ገንዘቡን ያወጣል። ብዙ ሕዝብ ለሚቆርብበት ግን የቤተ ክርስቲያኑን ትላልቅ ዕቃዎች በጥንቃቄ ጠቅልሎ መውሰድ ይሻላል።