ከቤጂንግ ሻንጋይ፦ ፈጣን ባቡር ወይስ አውሮፕላን?

በረራው ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል፤ በ2003 ዓ.ም. በተከፈተው 1,318 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሮጠው ፈጣኑ ባቡር ደግሞ አራት ሰዓት ተኩል አይሞላም። በወረቀት ላይ አሸናፊው አውሮፕላን ነው። የቤጂንግ ደቡብ ጣቢያ ግን ከተማው ውስጥ ነው፤ የዳሺንግ ኤርፖርት ከመሃል ከተማ 46 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የመንገዱን፣ የፍተሻውንና ሻንጣ የመጠበቁን ጊዜ ሲደምሩበት ብልጫው ይጠፋል። ስለዚህ እኔ ባቡሩን እመርጣለሁ።

ሁለት ሰዎች ግን ይጠንቀቁ። አንደኛው ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው፤ ባቡሩ የሚፈቅደው 20 ኪሎ ሲሆን የሻንጣው ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምሮ ከ130 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ትልቁ የጉዞ ሻንጣ ከዚህ ያልፋል። ሌላው ከሻንጋይ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚበር መንገደኛ ነው። ባቡሩ የሚያደርሰው ሆንግቺያው ነው፤ በረራው የሚነሳው ግን ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከፑዶንግ ነው። በመካከላቸው በሜትሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ይኬዳል።

ባቡሩን ለመረጠ፣ ሁለተኛ ማዕረግ ይበቃዋል። ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ባቡሩ ከ500 እስከ 660 ዩዋን ገደማ ይዋዥቃል። መቀመጫዎቹ በአንድ ወገን ሦስት፣ በሌላው ሁለት ናቸው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ከዚያ መተላለፊያው፣ ከዚያ ዲ እና ኤፍ። ቢ ከደረሰዎት በሁለት ሰው ትከሻ መካከል ነዎት፤ ዲ ወይም ኤፍን ይምረጡ። አንደኛ ማዕረግ 1,000 ዩዋን አካባቢ ያስከፍላል፤ በምላሹ የሚያገኙት ትንሽ ሰፋ ያለ ወንበር ነው። ለእኔ አያዋጣም። ቢዝነስ ክላስ 2,000 ዩዋን አካባቢ ነው፤ ወንበሩ እንደ አልጋ ይዘረጋል፣ ከፋዩ መሥሪያ ቤት ከሆነ ማን ይጠላል?

ከማዕረጉ ይልቅ የባቡሩን መቆሚያዎች መቁጠር ይጠቅማል። ናንጂንግን በመሰሉ ጥቂት ከተሞች ብቻ የሚቆመውና በየጣቢያው የሚቆመው በሰዓት ተኩል ያህል ይለያያሉ፤ ዘገምተኛው ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል። የሆቴል አዳር መቆጠብ የሚፈልግ ደግሞ ማታ ተነስቶ ጠዋት የሚደርስ ባለ አልጋ ባቡር አለለት።

ትኬቱ ከጉዞው 15 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይለቀቃል፤ የሚቆረጠውም በፓስፖርት ነው። ለቻይና አዲስ ዓመት ሰሞን በተለቀቀበት ሰዓት ካልያዙት አያገኙትም።