የመሥሪያ ቤታችን የአክሲዮን መግዣ ዕቅድ፦ ከሦስት ዓመት ተጠቃሚ የቀረበ ግምገማ

በሰሜን ቨርጂኒያ ተቀጥሬ የምሠራበት ኩባንያ ለሠራተኞቹ የሚያቀርበውን የአክሲዮን መግዣ ዕቅድ ከተቀላቀልኩ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ዕቅዱ በእጅጉ ጠቅሞኛል፤ ተከትሎት የሚመጣው የግብር ወረቀት ግን በአንድ ዓመት የማይገባኝን ግብር አስከፍሎኛል። በርካታ ወገኖቻችን እንዲህ ያለ ዕድል በሚሰጡ ኩባንያዎች ውስጥ ስለሚሠሩ፣ ጥቅሙንም ችግሩንም በዝርዝር ማስፈር ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አሠራሩ ዕቁብ ለለመደ ሰው እንግዳ አይደለም። ከደመወዜ 10 በመቶ በየሁለት ሳምንቱ እየተቆረጠ ለስድስት ወር ይጠራቀማል፤ ስድስት ወሩ፣ ማለትም አንዱ ዙር፣ ሲሞላ በተጠራቀመው ገንዘብ የኩባንያው አክሲዮን ይገዛልኛል። ዋጋው የሚሰላው በዙሩ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ከነበሩት ሁለት የገበያ ዋጋዎች ዝቅተኛው ተወስዶ፣ ከእሱም ላይ 15 በመቶ ተቀንሶ ነው። የአሜሪካ የግብር ሕግ ክፍል 423 ከዚህ የበለጠ ቅናሽ አይፈቅድም፤ አንድ ሠራተኛ በዓመት የሚገዛውም በዙሩ መጀመሪያ ዋጋ ተሰልቶ ከ25,000 ዶላር እንዳይበልጥ ይገድባል። በ2024 የነበረኝን አንድ ዙር ለአብነት ላንሣ። አክሲዮኑ በመጀመሪያው ቀን 40 ዶላር፣ በመጨረሻው ቀን 50 ዶላር ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን በ34 ዶላር፣ 100 አክሲዮን በ3,400 ዶላር ገዛሁ፤ በዚያው ሳምንትም ሁሉንም በ5,000 ዶላር ሸጥኩ።

የተገኘው 1,600 ዶላር እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ የገቢ ግብር ይከፈልበታል። የሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ) እና የሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና) ግብር ግን አይከፈልበትም፤ ይህን ነጻነት በግልጽ የደነገገው በ2004 የወጣው ሕግ ነው። ከሠራተኛው የሚቆረጡት ሁለቱ ግብሮች 6.2 እና 1.45 በመቶ ስለሆኑ፣ በዚህ ዙር ብቻ 122 ዶላር ከ40 ሳንቲም ቀርቶልኛል። ኩባንያዎች በነጻ የሚሰጡት አክሲዮን እንዲህ አይደለም፤ እሱ የሠራተኛው በሚሆንበት ቀን ሙሉ ዋጋው ደመወዝ ስለሚሆን፣ የሶሻል ሴኩሪቲው ዓመታዊ ጣሪያ እስካልተነካ ድረስ በ5,000 ዶላር ላይ 382 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለሁለቱ ይቆረጣል። ሌላም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ፦ ይህ 1,600 ዶላር የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር ስላልተከፈለበት ወደፊት ጡረታችን በሚሰላበት መዝገብ ላይ አይገባም። ልዩነቱ አሠሪው የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ግብር በሚያሳይበት ፎርም፣ በደብልዩ-2 ላይ፣ በዓይን ይታያል፤ በዚያ ዓመት ለጡረታ ቁጠባ ያስቆረጥኩት ስላልነበረኝ፣ ሣጥን 1 ላይ ያለው ቁጥር (የገቢ ግብር የሚከፈልበት) ሣጥን 3 ላይ ካለው (የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር ከሚከፈልበት) በ1,600 ዶላር በልጦ አገኘሁት።

ችግሩ የተፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። አክሲዮኑን የሚያስቀምጥልን ድርጅት የላከው የሽያጭ ማስረጃ፣ ፎርም 1099-ቢ፣ የመግዣ ዋጋዬን 3,400 ዶላር፣ የመሸጫዬን 5,000 ዶላር ብሎ ያሳያል። ድርጅቱ ሆን ብሎ አላሳሳተም፤ ከ2014 ወዲህ ደንቡ እንደ ደመወዝ የተቆጠረውን ገንዘብ በዚያ ፎርም የመግዣ ዋጋ ላይ እንዳይጨምር ይከለክለዋል። ጭማሪውን የአክሲዮን ሽያጭ በሚዘረዘርበት ፎርም 8949 ላይ ማስተካከል ያለበት ግብር ከፋዩ ነው። ታክስ የሠራልኝ ባለሙያ ይህን ሳያደርግ ቀረና፣ በደብልዩ-2 ውስጥ አስቀድሞ የገባው 1,600 ዶላር የአክሲዮን ሽያጭ ትርፍ ተብሎ እንደገና ገባ። በ22 በመቶ ሲሰላ የቨርጂኒያን ሳይጨምር 352 ዶላር በከንቱ ከፈልኩ። ትክክለኛው የመግዣ ዋጋ 3,400 ሲደመር 1,600፣ ማለትም 5,000 ዶላር ነበር፤ ትርፉም ዜሮ። በኋላ ያለፈ ታክስ በሚታረምበት ፎርም 1040-ኤክስ አስተካክዬ ገንዘቡን አስመልሻለሁ፤ ለዚህም የመጀመሪያው ታክስ ከገባበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ጊዜ ይሰጣል።

በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ቅሬታ አለኝ። የተስተካከለውን የመግዣ ዋጋ የሚያሳይ ተጨማሪ ሰነድ አዘጋጅቷል፤ ነገር ግን ከ1099-ቢ ጋር አንድ ላይ አያወርደውም፤ በሌላ ክፍል ውስጥ ገብቶ መፈለግ ያስፈልጋል። ግዢውን የሚመዘግበው ፎርም 3922 ደግሞ በሌላ ስፍራ ነው። ሦስቱ በአንድ ቢቀመጡ ኖሮ ስሕተቱ አይፈጠርም ነበር ብዬ አምናለሁ። ከሽያጩ ላይ የገቢ ግብር ስለማይቆረጥም፣ የሚፈለግብንን አስቀድመን ለይተን ማስቀመጥ የእኛ ፈንታ ነው።

አክሲዮኑን አቆይቶ መሸጥ ይሻላል የሚሉ አሉ። ዙሩ ከጀመረ ሁለት ዓመት፣ ከተገዛም አንድ ዓመት ካለፈው፣ በእኔ ምሳሌ 600 ዶላሩ ብቻ (በመጀመሪያው ቀን ዋጋ በ40 እና በ34 ዶላር መካከል ያለው ልዩነት) እንደ ደመወዝ ይቆጠርና የተቀረው 1,000 ዶላር እንደ ረጅም ጊዜ ትርፍ 15 በመቶ ይከፈልበታል። በዚያው በ50 ዶላር ቢሸጥ ግብሩ ከ352 ወደ 282 ዶላር ይወርዳል። ለ70 ዶላር ብሎ ደመወዙን ከሚያገኝበት ኩባንያ አክሲዮን ላይ ያን ያህል ጊዜ ቁጠባን ማቆየት ለእኔ አዋጪ ሆኖ አልታየኝም፤ ዋጋው በዚህ መሐል ወደ 36 ዶላር ቢወርድ ከ1,600ው ትርፍ የሚተርፈው 200 ዶላር ብቻ ነው።

ምዝገባው ቀላል ነው፤ ሥራ የለቀቀ ሰውም ያልተገዛበት ገንዘቡ ይመለስለታል። ማብራሪያው ግን በእንግሊዝኛ ብቻ፣ ያውም በሕግ ቋንቋ የተጻፈ ነው። አብረውኝ የሚሠሩ በእናቴ ዕድሜ ያሉ እትዬ ለአራት ዓመት አልተመዘገቡም ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ከቼኬ ላይ ሌላ ታክስ የጨመሩብኝ መስሎኝ እኮ ነው አልፈልግም ያልኩት» አሉኝ። በምሳ ሰዓት የእኔን ደብልዩ-2 እና 1099-ቢ ጎን ለጎን ዘርግተን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ 5 በመቶ እንዲቆረጥላቸው ተመዝግበዋል፤ ተጨማሪው ሰነድ የሚገኝበትንም ቦታ በማስታወሻ ደብተራቸው በአማርኛ ጽፈው ይዘዋል።