ሰርቨራችን ሲወድቅ ለደረሰችልን ልጅ ምስጋና፣ ክላውድ ላይ ሲስተም ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ይሄን ከሳምንት በፊት መጻፍ ነበረብኝ፣ ስራ ተደራርቦ አላስቻለኝም እንጂ። መርካቶ ከወንድሜ ጋር የመኪና መለዋወጫ ነው የምንሸጠው፣ ሁለት ሱቅና አንድ መጋዘን አለን፣ ስቶኩም ሽያጩም ዱቤውም ክላውድ ላይ ባለች አንዲት ቨርቹዋል ማሽን (በኢንተርኔት የምንከራያት ኮምፒውተር በሏት) ውስጥ ነው ያለው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተጫነባት ባለ 2 ጊጋ ራም ትንሽ ማሽን ናት።

ሰኞ ጠዋት ስንከፍት ሲስተሙ የለም። ባለፉት ሶስት ሳምንታት እንደዛ እየሆነ አስቸግሮን ነበር፣ ወንድሜ ሪስታርት ያረጋታል ትመለሳለች፣ በቃ ለምደነዋል። የዛን ቀን ግን ሪስታርት ስናረጋት አልተነሳችም። የክላውዱ መቆጣጠሪያ ፓነል እየሰራች ነው ይላል፣ መግባት ግን አይቻልም፣ ደግመን ሪስታርት፣ ያው ነው። ሲስተሙን የገጠመልን ሰውዬ ጋር ስንደውል ፎርማት ተደርጎ እንደ አዲስ ይጫን አለን። ባክአፑን (መጠባበቂያ ቅጂውን) ስናይ ደግሞ የመጨረሻው ከ19 ቀን በፊት የተወሰደ ነው! የ19 ቀን ዱቤ ጠፋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መርካቶ የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ እኔ በበኩሌ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

አንድ ደንበኛችን ነው የዚችን ልጅ ስልክ የሰጠኝ። ገና ሳልጨርስላት "ጋሼ ምንም አይንኩት፣ ሪስታርትም አያርጉት፣ ፎርማት የሚባለውን ደግሞ ይርሱት" አለችኝ። ፓስወርድ ልላክልሽ ስላት እምቢ አለች፣ ለራሷ ዩዘር እንድንከፍትላትና ስራው ሲያልቅ እንድንሰርዘው ነው ያረገችን። እኔ እዛው ላይ ነው ልቤ ያረፈው።

መጀመሪያ የዲስኩን ስናፕሾት፣ ማለት ዲስኩ በዛ ሰዓት ያለበትን ሁኔታ ቅጂ፣ ወሰደች፣ ከዛ ከስናፕሾቱ ሌላ ዲስክ ሰርታ በቅጂው ላይ ብቻ ነው የሰራችው፣ ዋናው እንዳለ ተቀመጠ። ቀጥላ ሲሪያል ኮንሶል የሚባለውን ከፈተችና ማሽኗ ስትነሳ የምትጽፈውን አሳየችኝ፣ መጨረሻው ላይ ከርነል ፓኒክ ይላል፣ ከርነል የሚባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ሩት ፋይል ሲስተሙን (ዋናውን ዲስክ) መክፈት አልቻልኩም ነው ነገሩ። እንዲህ ነው ያስረዳችኝ፦ ኡቡንቱ በራሱ ጊዜ አፕዴት እያረገ አዲስ ከርነል ይጭናል፣ አሮጌዎቹ ተከማችተው ቡት የሚባለውን ግማሽ ጊጋ የማይሞላ የዲስክ ክፍል ሞልተውታል፣ አዲሱ ከርነል ሲጫን ኢኒትራምኤፍኤስ ለሚባለው ፋይል ቦታ አልተረፈም። ያ ፋይል ደግሞ ከርነሉ ዋናውን ዲስክ የሚከፍትበት ቁልፍ ማለት ነው። እና እኛ ሪስታርት ስናረጋት ያለ ቁልፍ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ዳታችን ግን አንድም ሳይነካ ውስጥ አለ። ይሄን ስትለኝ ወንበሬ ላይ ተመለስኩ።

ወደ አሮጌው ከርነል መመለሻው የግረብ ሜኑ (ማሽኗ ስትነሳ ከርነል የሚመረጥበት) የመቆያ ጊዜው ዜሮ ተደርጎ ስለነበር ለመምረጥ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ቅጂውን ዲስክ ሌላ ትንሽ ማሽን ላይ እንደ ሁለተኛ ዲስክ ሰካችው፣ በዛ በኩል ገብታ አሮጌ ከርነሎችን አጠፋች፣ የጎደለውን ፋይል እንደ አዲስ ሰራችው፣ ግረቡንም አስተካከለች፣ ከዛ ዲስኩን ወደኛ ማሽን መለሰችው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 የሳይበር ደህንነት ድርጅቱ የክራውድስትራይክ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ማሽኖችን ሲጥል ክላውድ ላይ የነበሩትን ብዙዎቹን ያነሷቸው በዚሁ መንገድ ነው አለችኝ፣ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ሰክቶ ችግር ያመጣውን ፋይል ማጥፋት። ጠዋት 4 ሰዓት ጀምራ 8 ሰዓት ተኩል ላይ የሰኞ ደንበኞቻችንን እያስተናገድን ነበር።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ከዛ በኋላ ያለው ነው። ተነስታለች ብላ ሂሳቧን ተቀብላ መሄድ ትችል ነበር እኮ። እሷ ግን ከመጀመሪያው ለምን ሪስታርት ማረግ አስፈለጋችሁ ብላ ሎጉን (ማሽኗ የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ የምትመዘግብበትን) ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረች። እኛ ችግር የፈለግነው ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነበር፣ ምክንያቱም ሎጉ ላይ 21 ሰዓት ስለሚል። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፣ ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ሌሊት 6 ሰዓት ማለት ነው አለችና "በዛ ሰዓት እናንተ ጋ ምን ይሰራል?" ስትል ጠየቀችኝ። ለካ የቀኑ ሪፖርትም ባክአፑም ሁለቱም 6 ሰዓት ላይ አንድ ላይ ነው የሚነሱት፣ ራሙ አይበቃም፣ ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዘው የዲስክ ቦታ) ደግሞ የለም፣ ስለዚህ ከርነሉ ራሱን ለማዳን ብዙ ራም የያዘውን ዳታቤዙን ይገድለዋል፣ አንዳንዴም ማሽኗ እንዳለች ትደርቃለች። ባክአፑ ለ19 ቀን ሳያልቅ የቀረውም በዚሁ ነው። 2 ጊጋ ስዋፕ ጨመረችልን፣ ዳታቤዙ የሚይዘውን ራም ቀነሰችለት፣ ሪፖርቱንና ባክአፑን ሰዓት ለያየቻቸው፣ ቡቱ ሲሞላም በቴሌግራም የሚያስጠነቅቅ ነገር አረገችልን። ወንድሜን ደግሞ በስልክ ይዛ ስናፕሾት እንዴት እንደሚወሰድ ሁለት ጊዜ አሰራችው። ራም እንድንገዛ ስጠብቅ "ለጊዜው አያስፈልጋችሁም ጋሼ" አለችኝ፣ ያስከፈለችንም ለፎርማቱ ከተጠየቅነው ያነሰ ነው።

ልጄ እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ እጅሽ ይባረክ። እናታችን ታሪኩን ሰምታ እስካሁን እየመረቀችሽ ነው።

ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳላወጣ አደራ ብላኛለች፣ ሰው መላክ ግን ፈቅዳለች፣ ስለዚህ ሲስተም ክላውድ ላይ ያላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ አገናኛችኋለሁ። ሊኑክስም ዊንዶውስም ትሰራለች፣ ማታ ማታም ትመልሳለች። ከመደወላችሁ በፊት ግን ማሽኑን ደጋግማችሁ ሪስታርት አታርጉት፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።